ባለሞያ በምግብ ቤት

እናቴ ምግብ ቤት ገብታ ዶሮ ወጥ ሲቀርብላት አስቀድማ የምትመለከተው ሽንኩርቱን ነው። ሽንኩርት ያለ ቅቤ ቀስ ብሎ ካልተቁላላ፣ በርበሬውም በደንብ ካልበሰለ፣ ቁሌቱና መረቁ ተለያይተው ይቀራሉ። እርስዋ ዶሮዋን 12 አድርጋ ትበልታለች፤ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባለች፤ መከለሻውንም የምትጨምረው ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠቅሳ ቀምሳ፣ «ተቻኩለውበታል» ትላለች እንጂ ሌላ ክፉ ቃል አይወጣትም።

ይህን ኩራት የሚሉት ሰዎች አሉ። ለእኔ ግን ኩራት አይደለም፤ ድካሙን የሚያውቅ የጎደለውን ያያል። የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ቢቻኩልም ደመወዝ አለው። ሳትቻኩል ለሠራችው እናት ግን ደመወዟ ምንድን ነው? እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከማዕድ ስንነሣ «እጅሽ ይባረክ» እንበላት።