የሐዲስ ዓለማየሁ ሣቅ በአምበር

ስለ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የሚጻፈውም የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንባ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መጨረሻ እያነሣ ሲያዝን ኖሯል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከውም ጊዜ የያዘውን ሥራ አቁሞ ያደመጠው ሰው ብዙ እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል። ይህ እውነት ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ይሁን እንጂ እኔና በአምበር የሚገኙ ጥቂት ወዳጆቼ መጽሐፉን እየደጋገምን የምናነበው ለእንባው ሳይሆን ለሣቁ ነው። ደራሲው በእኛ ዘንድ የተወደዱት ከሁሉ በፊት አሣቂ በመሆናቸው ነው ብል የሚቆጣ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም አሳቤን እስክጨርስ ድረስ ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. የተወለዱባት እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በደብረ ማርቆስ አካባቢ ናት፤ ቅኔና ዜማ የተማሩባቸው ደብሮችም፣ እነ ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ፣ ለእኛ የሩቅ አገር አይደሉም። ስለዚህ የመጽሐፉ ሰዎች ሲናገሩ የምንሰማው የአያቶቻችንን አነጋገር ነው። ማኅበራችን ስምም መተዳደሪያ ደንብም የለውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ቤት ቡና ሲፈላ የሚሰበሰቡ፣ አንድ የታሪክ መምህር፣ አንድ መሪጌታ፣ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌና ይህን የምጽፈው እኔ ነን። ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ያለን አንድ ብቻ ሲሆን ልባሱ ከወለቀ ዘመን የለውም፤ እየተቀባበልን እናነበዋለን፤ በተራው ምክንያትም መጣላታችን አልቀረም።

ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ የሚያሥቀው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ድምፁ ያለ ክርክር ለፊታውራሪ መሸሻ ይሰጣል። በዘራቸው ቁጥር የሚመኩት፣ ልጃቸውን የሚመጥን ባል ከምድር ላይ ያጡት፣ ባላገሮቻቸው ከደንቡ በላይ የተጠየቁትን አንሰጥም ባሉ ጊዜ በተከታዮቻቸው ታጅበው የዘመቱት፣ በመጨረሻም ሊቀጡት በሄዱት በአበጀ በለው እጅ የተማረኩት እኒህ ሽማግሌ መኰንን ስማቸው ሲነሣ ብቻ ሰው ፈገግ ይላል። የታሪክ መምህራችን ፊታውራሪውን እስፓኛዊው ሰርቫንቴስ በ1605 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የዶን ኪሆቴ ታሪክ ጋር ያስተያያል። ሁለቱም ያለፈ ዘመን ልብስ ለብሰው ወደ ጦርነት የወጡ ናቸው ይላል።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ዶን ኪሆቴ የሚወጣው የተበደለውን ለመርዳት ነው፤ ፊታውራሪው የሚወጡት የተበደለውን ጨምሮ ለመበደል ነው። ከዚህም በላይ ዶን ኪሆቴን የሚፈራው ሰው የለም፤ ያየው ሁሉ ገና ከሩቁ ይሥቅበታል። ፊታውራሪ መሸሻን ግን ቤተሰባቸውም፣ አሽከሮቻቸውም፣ ጭሰኞቻቸውም ይፈሯቸዋል። ደራሲው ሣቁን የሚዘሩት በዚህ ፍርሃት መካከል ነው። አሽከር ፊቱን አዙሮ ከንፈሩን ሲነክስ የሚሰማው ዓይነት ሣቅ ነው፤ ለዚህም ነው በዝግታ የጀመረው በኋላ ሆድ እስኪያሳምም የሚደርሰው።

ታዲያ ባለፈው ጥር ወር አንድ እሑድ የዘመቻው ምዕራፍ ሲነበብና እኛም ስንንፈራፈር ጡረተኛው ሽማግሌ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እናንተ የምትሥቁት በመጽሐፍ ሰው ነው» አሉ። «እኔ የማየው አያቴን ነው። አያቴ ባለ ጉልት ነበሩ። ግብር ሲያበሉ ድኃ አይመለስም ነበር፤ በጠላት ጊዜም በዱር ኖረዋል። አሁን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ አባባ፣ የአንተ አያትም እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ ወይ ስትለኝ ምን ልበላት?»

ሁላችንም ዝም አልን። የታሪክ መምህሩ ትሑት ሰው ነው፤ በዚያን ቀን ግን ዝምታውን አልወደደውም።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ የእርስዎ አያት በበቅሎ ሆነው ሲመጡ የማር ገንቦውን ተሸክሞ ደጅ የሚቆመው የእኔ አያት ነበር። እሱ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ በግልጥ አልሣቀም። አሁን ስለ እሱ ብሥቅለት ምን ነውር አለበት?»

ሁለተኛው ቡና ያለ ጨዋታ ተጠጣ። የቤቱ እመቤት እጣኑን አጭሳ «በሉ ቡናውን አታቀዝቅዙት» ባትል ኖሮ ማኅበራችን በዚያ የሚፈርስ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ብዙ አስቤበታለሁ። መጽሐፉ ሲወጣ ፊታውራሪዎች በሕይወት ነበሩ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረው ነበር። ከመጽሐፉ መታተም ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። መምህሩ ይህን ሲጠቅስ ደራሲው አስቀድመው ተንብየዋል ይላል። ይህ የተጋነነ ይመስለኛል፤ የ1960ው ገበሬ የተነሣው ርስቴ ተለክቶ ከእጄ ይወጣል ብሎ በመሥጋት ጭምር እንጂ እንደ መጽሐፉ ባላገሮች አንድ መኰንን ከደንብ ውጪ ስለ ጠየቀው ብቻ አልነበረም። ሆኖም የዚያ ዘመን አንባቢ ሲሥቅ ግራና ቀኙን አይቶ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ይህን ሣቅ የጻፉት አምባሳደርም ሚኒስትርም የነበሩ ሰው፣ ከዚያ ሥርዓት ማዕድ የቆረሱ ሰው መሆናቸው ነው።

የእኛ ሣቅ ያለ አደጋ ነው። ጉልት የለም፤ ፊታውራሪም የለም። ቢሆንም ሰውዬው ፈጽሞ ሞቷል ለማለት አልደፍርም። በማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ባለ ጉዳይ ሲገባ ቀና የማይል፣ ገበሬው ቆቡን አውልቆ በቆመበት ያልተጻፈበትን ወረቀት የሚያገላብጥ አንድ ሹም ነበር። ሠራተኞቹ በሌለበት «ፊታውራሪ» ይሉታል። አንድ ቀን ስሙን በጆሮው ሰማ፤ ለክብሩ የተሰጠ መስሎት ደስ አለው አሉ። ክቡር ሐዲስ ይህን ቢሰሙ ኖሮ አንድ ገጽ ይጨምሩ ነበር።

መሪጌታ ደግሞ ሌላ ክርክር አላቸው። መጽሐፉ በካህናት ላይ ይቀልዳል የሚል ወቀሳ በተነሣ ቁጥር እኛ ለደራሲው መከላከል ሳንጀምር እሳቸው ይቀድሙናል። «ልጄ» ይሉኛል፣ «የቄስ ልጅ ናቸው፤ በቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው። የውጭ ሰው ሲሥቅብህ ስድብ ነው፤ የቤት ልጅ ሲሥቅ ግን ተግሣጽ ነው።» ቀጥለውም የቅኔ ቤቱን ወግ ያጫውቱናል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር ውሎ ማታ ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር ጓደኞቹ ከበው ያደምጣሉ፤ ቤት የጎደለበት እንደ ሆነ፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመ እንደ ሆነ ሣቁን መቻል አለበት። ነገር ግን ማንም ከልክ አልፎ አይሥቅም፤ ነገ ተራው የራሱ ነውና። እንደ መሪጌታ አስተያየት የሐዲስ ዓለማየሁ ልክን የሚያውቅ ሣቅ የተማሩት ሣቅ ነው፤ ምንጩም ከእንግሊዝ መጻሕፍት ሳይሆን ከዲማ ነው። እኔ ሁለቱም ሳይኖሩበት አልቀረም እላለሁ፤ መሪጌታ ግን ለእንግሊዝ ድርሻ አይሰጡም።

ተማሪው በበኩሉ የሚወደው ጉዱ ካሣን ነው። «እሱ አሣቂ አይደለም» ብለን ስንከራከረው «ጉዱ ያሉት እኮ እነሱ ናቸው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉም በካሣ ይሥቃል፣ እኛ ከውጭ ሆነን በሣቂዎቹ እንሥቃለን» ሲል መለሰልን። አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ ጥሩ ንባብ ነው። ጉዱ ካሣ ማንም የማይደፍረውን የሚናገረው እብድ ስለ ተባለ ነው፤ በአገራችን ለብዙ ጊዜ እውነት ያለ ቅጣት የምትነገረው በእብድ፣ በአዝማሪና በቅኔ አፍ ነበር።

የቤታችን እመቤት ለብቻዋ ሌላ ወገን ናት። ለንጹሕ ሣቅ ከሆነ መንግሥቱ ለማ ይበልጣሉ ትላለች፤ «ጠልፎ በኪሴ»ንም ምስክር ትጠራለች። እውነቷን ነው፤ ነገር ግን ቴአትሩ ሲያልቅ የሚሣቅበት ሰው ከነጉዱ ከመድረኩ ይወርዳል። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ሲማረኩ ካየናቸው በኋላ ያሳዝኑናል። ከሣቅ ወደ ኀዘን የሚያሻግረው መሥመር በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ለማግኘት ሁለት እሑድ ሙሉ ፈልገን አጣነው። ከራስ እምሩ ጋር ዘምቶ፣ ተማርኮ፣ በኢጣልያ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ የተመለሰ ሰው መማረክ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ምናልባት ምሕረቱ የመጣው ከዚያ ይሆን? በ1974 ዓ.ም. በወጣው «ወንጀለኛው ዳኛ» እና በ1980 ዓ.ም. በታተመው «የልም እዣት» ውስጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ያንን የመሰለ ሣቅ አላገኘሁም። መምህሩ ግን በደንብ አላነበብከውም ይለኛል።

ጡረተኛው ሽማግሌ ከዚያ እሑድ በኋላ ሦስት ሳምንት ቀሩ። በአራተኛው መጥተው በቦታቸው ተቀመጡ፤ መምህሩም ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ስለ ነገሩ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። ልንበታተን ስንል መጽሐፉን ለልጅ ልጃቸው ለመውሰድ ጠየቁ።

«የዘመቻውን ገጽ ራሴ ላነብላት ነው» አሉ። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው። የቱ ላይ መሣቅ እንዳለባትም እኔ እነግራታለሁ።»

ተራው የእመቤታችን ነበር፤ ግን ለቀቀችላቸው። አሁን ስድስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መጽሐፉ አልተመለሰም። ተማሪው ትናንት በደጃቸው ሲያልፍ ልጅቱ ስትሥቅ ሰምቻለሁ፣ የሽማግሌውም ድምፅ አብሮ ነበር ብሎ ነግሮናል፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደ ደረሱ ግን አላወቀም።