የፊደሉን ገበታ የቆረጥን ዕለት

«ሁለታችሁም መምህራን ሆናችሁ ልጆቻችሁን ለምን እቤት ትደብቃላችሁ?» ብለው የጠየቁን፣ በቦኖው ሰልፍ ከፊታችን ቆመው የነበሩ እናት ናቸው። እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ የገቡ ናቸውና ከእኛ በላይ ብዙ አይተዋል፤ በክፋትም አልተናገሩትም። እኛ ግን ጀሪካኑን ሞልተን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳንነጋገር ቀረን። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገፋ ልጅ ያለበትን ቤት ሁላችንም በአገራችን አይተናል። እኛስ ከዚያ በምን ተለየን? በሰልፉ ላይ ያልመለስነውን መልስ እነሆ በዚህች ወረቀት ለእትዬም ለሌላውም እናቀርባለን።

ሦስት ልጆች አሉን። ትልቁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሒሳብ በቃሉ የሚያሰላ ልጅ ነው፤ ማንበብ ግን አልሆንለት ብሏል። መካከለኛዋ አሥር ዓመቷ ነው፤ በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነበር፤ እሷ ዳነች፣ ጆሮዋ ግን አልዳነም። ትንሹ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ጥቂት ቃላት እንጂ አይናገርም፤ ሁካታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ የራሽን ዕለት ለእርሱ የመከራ ዕለት ነው።

እኛ ባልና ሚስት ከአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተመርቀን አስተምረናል። በኮሌጅ ሳለን ስለ ልዩ ፍላጎት አንድ ኮርስ ወስደን፣ የችግሮቹን ዓይነትና ትርጓሜ እንደ ዳዊት ደግመን፣ ጥሩ ማርክም አምጥተናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን መስማት ከተሳነው አንድ ልጅ ጋር እንኳ ያገናኘን አልነበረም። ማርካችን እዚህ ምንም አልጠቀመን።

በ2013 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወጥተን ካምፕ ስንገባ ሦስቱንም ትምህርት ቤት ልከናቸው ነበር። ክፍሉ ከመቶ በላይ ልጅ የታጨቀበት፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። መምህሩን አንወቅስም፤ እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን ከዚያ የተሻለ አናደርግም ነበር። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ከክፍል ወጥቶ ጠፋ። ሲመሽ ከላጋው ውስጥ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ጠጠር ሲደረድር አገኘነው። ያ ወንዝ ዝናብ ሩቅ ጥሎ ሳለ እንኳ በድንገት ሞልቶ እንደሚመጣ የምታውቁት ነው። በማግሥቱ ሦስቱንም አስቀረናቸው።

ያገራችንን ልማድ ይዘን የፊደል ገበታ በካርቶን ጽፈን ሰቀልን፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት 231። ትልቁ ልጅ በዜማ ሲወርድበት ለሰሚ ደስ ይላል፤ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» አንድ አይስትም። አንድ ቀን እናትዬው ዙሪያውን ሸፍና «ሹ»ን ብቻ ብታሳየው ዝም አለ። ሽፋኑን ስታነሣለት በጣቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረና «ሹ» አለ። ለካ ያጠናው ፊደሉን ሳይሆን የተቀመጠበትን ቦታ ኖሯል! ስንት ተማሪ እንዲህ እያዜመ አልፎን እንደሄደ እግዜር ይወቅ።

ያን ማታ ገበታውን በምላጭ ቆራረጥነው። ቅርጹ በሥርዓት የሚሄደውን «በ ቡ ቢ ባ» አስቀደምን፤ «ነ»ንና «ኘ»ን፣ «ሰ»ንና «ሸ»ን በአንድ ሳምንት እንዳይገናኙ አራራቅን። ልጁም እያንዳንዱን ድምፁን እያሰማ በጣቱ አሸዋ ላይ ይጽፍ ጀመር። አሸዋ ደግሞ እዚህ ያለ ሰልፍ የሚገኝ ብቸኛ ዕቃ ነው።

ጠዋት ግን ትንሹ ተነሥቶ ገበታውን ከግድግዳው ሲያጣው እስከ እኩለ ቀን አለቀሰ፤ ራሱንም ከግድግዳው ጋር አጋጨ። ቁርጥራጩን ብንዘረጋለት ዝም አለና አንድ በአንድ እያነሣ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ደረደረው። አፉ የማይናገረው ልጅ ፊደሉን ለብቻው ጨርሶት ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይን ማዕከል እንዲከፍቱ ያነሣሣቸው ኦቲዝም ያለበት የገዛ ልጃቸው እንደነበር ስናስታውስ፣ እኚያ ሴት ከልጃቸው ምን ያህል እንደተማሩ የገባን ያኔ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለትልቁ ካርዱ መደባለቅ አለበት፤ አለዚያ ቦታ ይቆጥራል። ለትንሹ ደግሞ መደባለቅ ማለት ቤት መፍረስ ነው። አንዱን ውጭ አስቀምጠን ሌላውን እንዳናስተምር ፀሐዩ አያስቀምጥም፤ ውስጡም አንዲት ክፍል ናት። ሳምንታት በጩኸት ካለፉ በኋላ ሦስት ሥዕሎች ሣልን፦ የተበተነ ካርድ፣ የሚያነብ ወንድም፣ የተደረደረ ካርድ። ነገሩ ተመልሶ እንደሚደረደር በዓይኑ ሲያይ ትንሹ መታገሥ ጀመረ። አሁን ጣቱን ሦስተኛው ሥዕል ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ በሌላው እጁ ካርድ ያቀብላል፤ ትልቁ ያነባል። ከተሳሳተ ትንሹ ካርዱን አይለቅም። እንዲህ ያለ ጥብቅ ኢንስፔክተር ባገር ቤትም አልገጠመንም። ትልቁ ዛሬ እየተንቀረፈፈም ቢሆን አንድ ገጽ ያነባል።

ስለ ልጃችን ግን እትዬ እውነታቸውን ነበር።

አፏ እንዲፈታ ብለን በእጇ ማመልከቷን እንከለክላት ነበር። ዳቦ ስትጠቁም «በአፍሽ በይው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ ጉባኤ የተሰበሰቡ መምህራን የምልክት ቋንቋን ከትምህርት ቤት ለማስወጣት ወስነው ነበር፤ ጉባኤው የተጸጸተው በ2010 ነው። እኛም በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ያንኑ ደገምነው። ቀጥለን የአገራችንን የጣት ፊደል አስተማርናት። ፊደሉ ብልህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ልጅቱም «ውኃ»ን በጣቷ ትጽፍ ጀመር። አንድ ሌሊት ግን ስታለቅስ አድራ ምን እንደሆነች ልትነግረን አልቻለችም። ፊደል እንጂ ቋንቋ አልሰጠናትም ነበር።

በገበያው ጫማ የሚሰፋ መስማት የተሳነው ወጣት አለ፤ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው። አንድ ቀን ከእርሱ ዘንድ ስናልፍ በእጁ ሲያናግራት እግሯ ከመሬት ተተከለ። እየጎተትን ወሰድናት። በማግሥቱ ራሷ ጎትታ ወሰደችን። በእርሱ ጥቆማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተለየ ክፍል ያለበትን ትምህርት ቤት አገኘን።

አባትዬው አንድ ወር ሙሉ እምቢ አለ። የኬንያ የምልክት ቋንቋ ከእኛው የተለየ ነው፣ የጣት ፊደሉም በላቲን ነው፤ ልጄ ስሟን በባዕድ ፊደል ልትጽፍ ነው ብሎ ተከዘ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት ያን ቋንቋ ከፓርላማ ቋንቋዎች አንዱ ማድረጉን ሲሰማ ትንሽ ረገብ አለ፤ እንደ መምህር በወረቀት የተጻፈ ነገር ይገዛዋል። ይልቁንም ያሸነፈው እሷ እዚያ ክፍል ደጃፍ ላይ መሳቋ ነው። ያን የመሰለ ሳቅ በቤታችን አላየንም ነበር።

ዛሬ ሁለቱ ወንዶች እቤት ናቸው፤ እሷ ጠዋት ትሄዳለች። ማታ ግማሽ ሰዓት አማርኛ ትጽፋለች፤ ከዚያ ተራው የእኛ ይሆንና እሷ ታስተምረናለች። እጃችን ደረቅ ነው፤ ወንድሞቿ ቀድመውናል።

ባለፈው ሳምንት ቦኖው ዘንድ እትዬን ስታይ ልጅቱ ፊት ለፊታቸው ቆማ ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አዙራ፣ ወደ አገጯ አውርዳ አንድ ምልክት አሳየቻቸው። እትዬ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «ምን አለችኝ?» ብለው ጠየቁን። እኛም አልገባንም ነበርና መልሰን እሷን ጠየቅናት።