የኢዲዶ ዳገትና ሊገዛ የታሰበው ፒክአፕ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ያገለገለ ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕ ለመግዛት አስበን፣ ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ባለው አስፋልት ብንነዳው እንደ ሠጋር በቅሎ ተመቸን፤ ባለቤታችንም ወዲያው ይገዛ አሉ። ነገር ግን እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ የሚበላሽ ስለ ሆነ፣ ሻጩን አስፈቅደን ወደ ኢዲዶ ወጣን፤ አምስት ጆንያም ጫንበት።

መንገዱ በእንሰትና በቡና ጥላ መካከል ያልፋል። ይህን የጌዴኦን መልክዐ ምድር ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ እኛ ግን ዐይናችን ከቀዩ ጭቃ አልተነሣም። በዳገቱ ወገብ ላይ የፍሪሲዮን ሽታ መጣ። አራቱም ጎማዎች እንዲሠሩ ማርሽ ብንለውጥ የፊቶቹ እንቢ አሉ። የመንደሩ ልጆች ገፍተው አወጡን።

ሻጩ ዋጋ እቀንሳለሁ ቢለንም፣ ባለቤታችን ቁልፉን ራሳቸው መለሱለት።