ሥጋው ከተራራው እስኪወርድ

አደን ሲባል ብዙዎቻችሁ በዓይነ ኅሊናችሁ የሚታያችሁ ጠመንጃ የደገነ ሰው ይሆናል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ዛሬ ግን አደን በተባለ ቁጥር ትዝ የሚለኝ በግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ የእንስሳ ታፋ በጀርባው ተሸክሞ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ በሌሊት ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ጋር ሆኜ የፈጸምኩትን ስህተትና ከሁለት ዓመት በኋላ እንዴት እንዳረምነው ላጫውታችሁ።

የወሎ ልጅ ነኝ። የምኖረው ግን በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ነው። ኤልክ የተባለው እንስሳ ከየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ይበልጥ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ፣ ሣርና ቅጠል የሚበላ የዱር እንስሳ ነው። ወንዱ 300 ኪሎ ያልፋል፤ ሴቷም ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። የባሌን የደጋ አጋዘን ያየ ሰው መጠኑን በግምት ሊደርስበት ይችላል።

እዚህ አገር አደን እንዲሁ ጠመንጃ አንስተው የሚሄዱበት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ተምሮ ማስረጃ ካልያዘ ፈቃድ አያገኝም። እኛ የምንፈልገው የሴት ኤልክ ፈቃድ ደግሞ በዕጣ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ለጥቅምት አደን ማመልከቻ የሚገባው ገና በመጋቢት መጨረሻ ነው። በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከሩቅ እንዲለይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች የሚሆን ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ከወገቡ በላይ መልበስ፣ በራሱም ላይ የዚያኑ ቀለም ቆብ መድፋት አለበት። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችን ዕለት፣ «የመንገድ ሠራተኛ ሆናችሁ እንዴ?» ብላ ስቃብናለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመስጂዳችንን ሼኽ ጠይቀናል። አደን በኢሕራም ላይ ላለ ሰው ካልሆነ በቀር የተፈቀደ ነው። የዘመኑ ዓሊሞች አብዛኞቹ ወግቶ የሚገባን ጥይት እንደ ቀስት እንደሚያዩት፣ በተኩሱ ጊዜ የአላህን ስም ማውሳት እንደሚያስፈልግ፣ እንስሳው በሕይወት ከተደረሰበት ደግሞ መታረድ እንዳለበት ነገሩን። ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አደን የጠየቁትንም አስታወሱን። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የተገኘ እንስሳ፣ የራስ ቀስት ምልክት ብቻ ካለበት ይበላል፤ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ግን አይበላም። የገደለው ቀስቱ ይሁን ውኃው አይታወቅምና። ይህን በደንብ ተማርን። ያልተማርነው ሥጋ መሸከምን ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ዕጣው ወጣልንና ፍላት ቶፕስ ወደሚባለው ጥብቅ የዱር አካባቢ ሄድን። ከዴንቨር በመኪና ከአራት ሰዓት የማያንስ መንገድ ነው። ስለ ቦታው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በኋላ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1919 አርተር ካርሃርት የተባለ የደን መሥሪያ ቤት ባለሙያ በዚያ በሚገኘው ትራፐርስ ሐይቅ ዙሪያ ለመዝናኛ ቤቶች የሚሆን መሬት እንዲቀይስ ተልኮ ነበር። ሰውየው ግን ቦታው ምንም ሳይሠራበት እንዳለ ቢቀር ይሻላል የሚል ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1975 በሕግ ተከለለ። በእንዲህ ያለ ክልል ውስጥ መኪና ቀርቶ ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ እንኳ አይገባም። ፈረስ ወይም በቅሎ የሌለው ሰው ያለው ጀርባው ብቻ ነው።

የዚያ ዓመት ጥቅምት ሞቃት ነበር። በግዛቱ ውስጥ የሚነደው የትላልቅ ሰደድ እሳቶች ጭስ ጠዋት ጠዋት ሸለቆውን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። የፈቃዳችን ዘመን አምስት ቀን ሲሆን ሦስቱን ባዶ እጃችንን ዋልን። በአራተኛው ቀን መንጋውን ዱካ በዱካ ስንከተል ከመኪናችን ሰባት ኪሎ ሜትር ርቀናል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። አንዲት ሴት ኤልክ ባለችበት ወደቀች። ልጄ አቀፈኝ። እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት ስለ ሰባቱ ኪሎ ሜትር ትዝም አላለኝ።

ገፍፈን፣ በልተን ስንጨርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። አንድ ታፋ እኔ፣ አንድ ወርች ልጄ ተሸከምንና መኪናው ዘንድ ስንደርስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አለፈ። የቀረውን ሥጋ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን፣ ወፍ እንዳይነካው ብዬ በላስቲክ ሸፍኜ ትቼው ነበር። ይህን የሚያነብ ሥጋ ሻጭ ካለ አሁኑኑ ራሱን ይነቀንቃል። የአንድ ትልቅ እንስሳ ታፋ በአጥንቱ ዙሪያ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ነፋስ ካላገኘ ደግሞ ላዩ ቀዝቅዞ እንኳ ውስጡ ይበላሻል። እኔ በላስቲክ አልብሼ አሞቅሁት። በማግሥቱ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። የመጨረሻውን ታፋ ያወረድነው ማታ ነው። የዚያን ጊዜ በእግራችን የሄድነው 35 ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ ልጄም ጫማው ውስጥ ደም ነበረው።

ቤት ገብተን ባለቤቴ ያንን የመጨረሻ ታፋ ቢላዋ ስታሳርፍበት፣ ከዳሌው መገጣጠሚያ የወጣው ሽታ ሁላችንንም ከማድ ቤት አስወጣን። ከሃያ ኪሎ በላይ የሚሆን ሥጋ በጥቁር ፌስታል አድርጌ ወደ ቆሻሻ ወሰድኩ። ልጄ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አባዬ፣ ቢስሚላህ ብለን እኮ ነው የገደልናት» አለኝ።

ሕጉ የሚበላውን ሥጋ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድን ይከለክላል። እኛ ሜዳ ላይ አልጣልንም፤ በሕግ የሚጠይቀን አልነበረም። ለልጄ የምመልስለት ግን አልነበረኝም። ያን ሰሞን በሶላት ላይ ቆሜ እንኳ ያ ፌስታል ይታየኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻም አላስገባሁም።

መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያድን የኖረ አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ። ነገሩን ስነግረው የተኩሱን ርቀትም የጠመንጃውንም ዓይነት አልጠየቀኝም። «ካርታህ ላይ ክብ አስምረህ ነበር?» አለኝ። ምን ክብ ብለው ወረቀት አወጣ። መኪናህ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነጥብ ታደርጋለህ። ያለህን ሰው ትቆጥራለህ፤ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚችል ትጽፋለህ። ከዚያ በመነሳት ክቡን ታሰምራለህ። ከክቡ ውጭ ያለ ኤልክ የአንተ አይደለም፤ አሥር እርምጃ ላይ ቢቆምልህም አትተኩስም። አደን የሚታቀደው ከሥጋው ወደ ኋላ ነው እንጂ ከጠመንጃው ወደ ፊት አይደለም አለኝ።

ውድ አንባቢያን! ይህን ከሰማሁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ዕጣ ውስጥ ገባሁ። የሐረር ሰው የሆነ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ሦስተኛ ሊሆነን ፈቀደ። ስሌቱን ማታ ማታ ከምግብ በኋላ ሠራን። የሴት ኤልክ አራት እግር ከነአጥንቱ፣ ሽንጡ፣ ፊሌቶው፣ የአንገቱና የጎድኑ ሥጋ ሲደመር መቶ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሰው ቁልቁለት ላይ ከ25 ኪሎ በላይ ብዙ እንዳይሆን ብለን ወሰንን። ሦስት ሰው፣ ሁለት ምልልስ፤ ክቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ሆነ። ከክቡም ውስጥ ልጄ ሁለት ገደሎችን በቀይ ሰረዘ። ላስቲኩን ጣልነው። በምትኩ አየር የሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት፣ ገመድ፣ ትርፍ ቢላዋ፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ምርኩዝ ገዛን። በረዶ የሞላ ትልቅ ሳጥንም መኪናው ውስጥ ጫንን። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር በየእሑዱ የሩዝ ጆንያ በጀርባችን አዝለን ኮረብታ ስንወጣ ስንወርድ ከረምን። የሰፈሩ ሰው ምን እንዳለን አላህ ይወቅ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፈተናው መጣ። ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ከታች ካለች ኩሬ ዳር ወደ ሃያ የሚሆኑ ኤልኮች ቆመዋል። ርቀታቸው ለጥይት የሚከብድ አልነበረም። ልጄ ካርታውን ሳያወጣ ቦታውን ያውቀዋል፤ ራሱ በቀይ የሰረዘው ገደል ነው። እንዲያም ሆኖ፣ «አባዬ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረን፣ ቢበዛ ሁለት» እያለ ይለምነኛል። ወዳጄም ዝም ብሎ ፊቴን ያያል። የተመታችው ውኃው ውስጥ ብትወድቅስ? ባትወድቅስ፣ ያን ገደል መቶ ኪሎ ይዞ የሚወጣው ማን ነው? እነሆ ጭስ የለም፣ ቀኑ ብሩህ ነው፣ እንስሳው ቆሞልኛል። ጣቴ ማስፈንጠሪያው አጠገብ ነበር። የጥይት ቤቱን ባዶ አድርጌ ተነሳሁ። ልጄ እስከ ዙህር ሶላት ድረስ አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከመኪናችን 2.4 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ የጥድ ዱር ዳር አንዲት ሴት ኤልክ ወጣች። ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። አርባ እርምጃ ያህል ሄዳ ተንበረከከች። ስንደርስባት ትተነፍስ ነበር። ልጄ ራሷን ያዘልኝና አረድኳት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

ሆዷን ሳንቀድ ከጀርባ አጥንቷ ጀምረን በአንድ ወገን ገፈፍናት። ወርቹን፣ ታፋውን፣ ሽንጡን አንስተን ከረጢት ውስጥ እያስገባን፣ ፀሐይ በማይደርስበት በጥዱ ሰሜናዊ በኩል አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ሰቀልን። ከዚያ ገልብጠን ሌላውን ወገን ሠራን። ተቆጣጣሪ ቢጠይቅ ሴት መሆኗ እንዲታወቅ የጡቷ ክፍል ከአንዱ ታፋ ሳይነጠል ቀረ፤ ሕጉ ይህንን ይፈልጋል። ከዙህር በፊት የመጀመሪያውን ጭነት ይዘን ወረድን፤ ከዐስር በኋላ ሁለተኛውን። እኔ በሁለተኛው ላይ ወርችና ጭንቅላቷን ያዝኩ። የመጨረሻዋ ቁልቁለት ላይ የግራ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ልጄ ምንም ሳይናገር ወርቹን ከእኔ አንስቶ በራሱ ላይ ደረበው። በረዶው ሳጥን ውስጥ ስንከተው ሥጋው ቀዝቃዛ ነበር።

ጭንቅላቷን ለምን እንዳወረድን ትጠይቁ ይሆናል። በዚህ አገር አጋዘንና ኤልክን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1967 እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ ባይረጋገጥም፣ በሽታው የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከጉሮሮዋ አካባቢ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሥጋውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፈን ጠበቅን። ባለቤቴ በየቀኑ «መጣ?» ትላለች። ነጻ ናት የሚል መልስ የመጣ ዕለት ወዳጄን ጠራሁት።

ያን ቅዳሜ እንደ አገራችን ቅርጫ ሥጋውን በመደብ በመደብ ደረደርነው። ከታፋውም፣ ከሽንጡም፣ ከአንገቱም ለየመደቡ ደረሰ። ሁለቱ የእኛ፣ የቀሩት አምስቱ የጎረቤትና የመስጂድ ሰዎች ድርሻ ሆኑ። የዱር ሥጋ መሸጥ እዚህ ክልክል ነው፤ መስጠት ግን ይቻላል። ሥጋው ጮማ የለውም፤ ባለቤቴ ለወጡ ቅቤ ጨመረችበት። ቋንጣው ግን እንዲህ ያለ አላየሁም። ከመስጂዳችን እናቶች አንዷ ድርሻቸውን ሲቀበሉ፣ «ይህን ከየት ድረስ ተሸከማችሁት ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። ልጄ ወደ ጓዳ ሮጦ ካርታውን አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳያቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ካርታውን አላጠፈውም። ጉልበቴን አየት አደረገ፤ ከዚያ እርሳስ አንስቶ ከቀድሞው ክብ ውስጥ ጠበብ ያለ ሌላ ክብ አሰመረ።