ስለ በዓል ጌጥና ስለ አሮጌ ዕቃ ገበያ

ታኅሣሥ ሲጋመስ የአሰላ ገበያ መልኩ ይለወጣል። ገብሱና ስንዴው በየአውድማው እየተወቃ ስለሚገባ የእህል ተራው ይሞላል፤ የቅቤውና የዶሮው ዋጋ በየቀኑ ከፍ ይላል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ጥግ ነው። በሌላው ወራት ሦስት ወይም አራት ሸራ ብቻ የሚነጠፍበት ቦታ፣ ገና በቀረበ ቍጥር እየሰፋ ሄዶ እስከ መንገዱ ይደርሳል። መሶብ፣ ሙዳይ፣ ረከቦት፣ አበባ የተሣለበት ትሪ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የቡና ሲኒ፣ ጥልፍ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ፣ በካርቶን የታጨቀ የላስቲክ ጽድ፣ ግማሾቹ የማይበሩ በሽቦ የተያያዙ ትንንሽ አምፑሎች፣ ሁሉም በአንድነት ተደባልቆ ይታያል።

እኔም ከመምህርነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ በየዓመቱ በጾሙ ወራት በዚህ ጥግ መመላለስ ልማዴ ሆኗል። ለበዓል ቤቴን የማስጌጠው ከዚያ በምገዛው ነው። ባለቤቴ «ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ አንተ ግን ሸራ ትሳለማለህ» እያለች ትቀልድብኛለች። እናንተ ወጣቶች አሮጌ ነገር መውደድ በጀመራችሁበት በአሁኑ ጊዜ፣ ስለዚህ ገበያ የማውቀውን ብነግራችሁ የሚከፋ አይመስለኝም።

በልጅነታችን በአርሲ ደጋ የበዓል ጌጥ ተብሎ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ይመረጋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ቄጤማ ከወንዝ ዳር ታጭዶ ይጐዘጐዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረው ትልቁ መሶብ ወርዶ አቧራው ይራገፋል። ጌጡ ይኸው ነበር። ጽድ አቁሞ ማስጌጥን መጀመሪያ ያየሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዎቻችን ከባሕር ማዶ ዘመዶቻቸው የደረሳቸውን ያገለገለ የገና ካርድ ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመው ይሰጡናል፤ እኛም ሥዕሉን በመቀስ ቈርጠን በክር እያንጠለጠልን ቅርንጫፉ ላይ እንሰቅላለን። በካርዱ ጀርባ የማናውቀው ሰው ለሌላ ለማናውቀው ሰው የጻፈው ሰላምታ ስለ ነበረ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ስንጀምር ትልቁ ደስታችን ያንን መፍታት ሆነ። ጥጡ የሚመጣው ከክሊኒኩ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ተለቅሞ ትራስ ይሞላበታል እንጂ አይጣልም ነበር። ጥጡ የበረዶ ምሳሌ መሆኑን ሲነግሩን ግን እጅግ እንገረም ነበር። እኛ የምናውቀው በረዶ በክረምት ከሰማይ ወርዶ የደረሰ ገብስ የሚያጠፋውን ነውና፣ ፈረንጅ ይህን ያህል የሚደሰትበት ለምንድን ነው እንባባል ነበር።

ጌጡ ራሱም የየአገሩን ጠባይ ይዞ የሚዞር ነገር ነው። የሚያብረቀርቀው የመስተዋት ኳስ በጀርመን አገር ላውሻ ከምትባል የመስተዋት ሠሪዎች ከተማ የወጣ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጽድም በዚያው አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ከዝይ ላባ ይሠራ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሰቀለው ብልጭልጭ በብዛት የሚመጣው ዪው ከምትባለው የቻይና ከተማ ነው። ወደ እኛ ሰፈር የቀረበው ግን የስዊድኖቹ ልማድ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ባጭሩ ካዱ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአሰላ ሲቋቋም ብዙ ስዊድናውያን ከነቤተ ሰባቸው መጥተው በከተማችን ኖረዋል። ስዊድኖች በገና ሰሞን ከገለባ ፍየልና ኮከብ ሠርተው በቀይ ጥብጣብ አስረው ቤታቸውን ያስጌጣሉ። እንግዲህ ገለባ ከአርሲ በላይ የት ይገኛል? ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሸራ ላይ፣ በአሮጌ ቁልፎችና በማንኪያዎች መካከል፣ ከስንዴ አገዳ የተሠራ መዳፍ የምታህል ኮከብ አግኝቼ በ10 ብር ገዛሁ። ቤት ወስጄ አሠራሯን ፈታሁና ከልጅ ልጆቼ ጋር ሌሎች ሠራን። አገዳው እንዳይሰበር ሌሊቱን በውሃ መዘፍዘፍ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ ሁለት ነገር ጨምሬ ልለፍ። ሽቦው የተላጠ አምፑል በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትግዙ፤ የደረቀ ጽድ እንደ ክብሪት ነው የሚነደው። ደግሞም የሐበሻ ጽድ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ስለ ሆነ ለሦስት ቀን ጌጥ ሊቈረጥ አይገባውም፤ ከአጥር ላይ የሚከረከም የፈረንጅ ጽድ ቅርንጫፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ። በዚያ ጥግ ያለው ዕቃ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ከአዲስ አበባ ከሰልባጅ ቦንዳ ጋር የሚወርድ ነው። አንዳንዱ ልዋጭ እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች የሚሰበስቡት ነው፤ አዲስ የላስቲክ ሳፋ ይሰጡና ያረጀ ልብስ፣ አሮጌ ትሪ፣ አንዳንድ ጊዜም የአያት መሶብ ይወስዳሉ። በሁለቱም ተለዋዋጮች ፊት የሚታየው ደስታ እውነተኛ ነውና እኔ አልፈርድባቸውም፤ ሳፋ ውሃ ይይዛል፤ መሶብ አይዝም። ቆራሌው የሚለቅመው ብረታ ብረትና ጠርሙስም የሚጠቅመው ተለይቶ እዚያው ይደርሳል። ይህ ሁሉ ንግድ ነው፤ በንግድም ዋጋ መከራከር የወግ ነው። ባለሸራው ዕቃውን በጅምላ አግኝቶታል፤ በአንዱ ቢጐዳ በሌላው ያተርፋል፤ ከናንተ ጋርም ተከራክሮ የሚሸነፍ ዐይነት ሰው አይደለም።

ዓውደ ዓመቱ ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ሌላ ዐይነት ሻጭ ይመጣል። ይህን ሻጭ ከነጋዴው ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሸራ ላይ ያነጥፋል፤ ይህኛው ግን በነጠላው ሥር ይዞ ይቆማል እንጂ መሬት አያስቀምጠውም። ለበዓሉ ማሰናጃ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ የቤቱን ዕቃ ይዞ የወጣ ነው። እንጀራ የሚቀርብበትን ሸጦ ወጡን ሊገዛ ነው ማለት ነው። ሻጩ በታኅሣሥ 20 ቢመጣ ዋጋው አልጥመው ሲል ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ግን ነገ የሚባል ነገር የለውም። ገዢው ይህን ያውቃል። እንዲያውም ይህን ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ገዢ አለ። ከእናንተም መካከል አንዳንዱ ያን ዕለት በገዛው ዕቃ «በነጻ ወሰድሁት ማለት ይቻላል» እያለ ሲኵራራ ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በገና ዋዜማ፣ ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ አንድ መሶብ በነጠላዋ ሸፍና ቆማ አየሁ። ልብሷ ንጹሕ ነበር፤ ጫማዋ ግን ለብርዱ የሚሆን አልነበረም፤ የታኅሣሥ ውርጭ በአሰላ እንዴት እንደሚቈነጥጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ወጣቶች ከበዋታል። መሶቡ በድሮው ወግ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም የገባበት፣ ክዳኑ እንደ ሾጣጣ ቤት ቀጥ ያለ ሆኖ፣ ከጠርዙ አንድ ጣት ያህል በአይጥ የተበላ ነው። ልጅቱ 900 ብር አለች፤ ወጣቱ 400 አለ። እርሷ ዝም ስትል ጊዜ «ነገ እኮ በዓል ነው፤ ከእኛ ሌላ ማን ይገዛሻል? ተሸክመሽው ልትመለሺ ነው» አላት። ንግግሩ ውሸት አልነበረበትም።

«ልጄ፣ መሶቡ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የእናቴ ነው፣ ጋሼ።»

«ሽጪው ብለውሻል?»

«አዎን። ለዶሮና ለዘይት ነው። ይቺን ደግሞ አሳዪ ብላኛለች» ብላ የተበላውን ጠርዝ በጣቷ አመለከተችኝ።

የጡረታ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የ900 ብርን ክብደት አያጣውም። በኪሴ የነበረው ለሻማና ለቡና የያዝሁት ነው። ቢሆንም ቈጥሬ ሰጠኋት። ወጣቱም፣ በመልካም አነጋገር ነው፣ «ጋሼ፣ ዋጋ አበላሹብን እኮ» አለኝ።

በዚህ ነገር ብዙ አሰብሁበት፤ ልጁ ሰነፍ አልነበረምና። ዋጋ ማለት ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ነው ብለን እናስተምራለን፤ እኔም ራሴ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደዚያ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን መስማማት ማለት እምቢ ማለት የሚችሉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ነው። አንዱ እምቢ ማለት ካልቻለ የሌላው 400 ብር ዋጋ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። በወዲያ በኩል ደግሞ፣ ነገሩ ከበደኝ ብሎ ሳይገዙ መሄድም ለልጅቱ ዶሮ አይሆንላትም። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ በዋዜማ ዕለት ከሰው እጅ አልገዛም ብሎ ምሏል፤ ልቡ መልካም ነው፤ ግን በእርሱ መሐላ ማን እንደ ተጠቀመ አላየሁም። እኔ በበኩሌ የያዝሁት ልማድ ከነጋዴው ጋር እስክጠግብ መከራከር፣ ከባለቤቱ እጅ ግን ከበዓል በፊት ባሉት ቀናት የተጠየቅሁትን ከፍሎ መግዛት፣ ገንዘቡ ከሌለኝም ዋጋ ሳልጠራ ማለፍ ነው። ዋጋ ጠርቶ መሄድ ሻጩን ዝቅ አድርጎ ለሚቀጥለው ገዢ ማስረከብ ነውና።

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «መሶቡንም ገንዘቡንም ብትሰጣት አይሻልም ነበር?» አለችኝ። መልሱን የሰጠችን ግን እኔ ሳልሆን የልጅቱ እናት ናት። በበዓሉ በሦስተኛው ቀን ቤታችንን አጠያይቃ መጣች። ልጅቱ የተጠየቀውን ሙሉ ዋጋ ይዛ ስለ ገባች እናቲቱ ተጠራጥራ ኖሯል። ከበር ቆማ፣ ሰላምታውን እንደ ጨረሰች፣ «መምህር፣ ልጄ ሸጣ ነው ወይስ ለምና ነው ያመጣችው?» አለችኝ። ፊቷ ተቈጥቷል። ሸጣ ነው አልኋት። ወደ ውስጥ ገብታ መሶቡ ከገለባ ኮከቦቹ ሥር፣ በመካከል ተቀምጦ፣ የበዓል ድፎ ሲበላበት አየችው። «የተበላውን ሳታሳይ እንዳይሆን» አለች። አሳይታኛለች አልኋት። ያን ጊዜ ተቀመጠች።

ቡና ሲፈላ የልጅ ልጄ መጥታ መሶቡ እንዴት እንደሚሰፋ ጠየቀቻት። እናቲቱም ስንደዶው ውስጡን እንደሚሞላ፣ አክርማው በላዩ እየተጠመጠመ በወስፌ እንደሚያልፍ አሳየቻት፤ ልጅ ሳለች የሰፋችው ራሷ ነበረች። በሳምንቱ አክርማውን ቀለም ነክራ ይዛ መጣችና ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተቀምጣ ጠርዙን ሰፋችው። የአዲሱ ሐምራዊ ቀለም ከአሮጌው ትንሽ ደመቅ ይላል፤ አልፎ አልፎ እንግዳ ሁሉ ይጠይቀናል።

ስትጨርስ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። «መቶ ብር» አለች። ባለቤቴ ከልማዷ የተነሣ ሳታስበው «ሰባ ይሁን» አለችና ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ሴትዮዋ ሣቀች። «ሰባማ አይሆንም፤ ዘጠና ካልሆነ ፈትቼው እሄዳለሁ» አለች። ሰማንያ አምስት ላይ ተስማሙ፤ ሁለተኛ ቡናም ተፈላ።