ከረባቱ የማይዛነፈው ሰው

አባቴ የጄምስ ቦንድ ወዳጅ ነው። በወጣትነቱ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ተሰልፎ ያያቸውን የሾን ኮነሪን ፊልሞች እራት ላይ ሲተርክልን እናቴ «ወጡ ቀዘቀዘ» እያለች ታቋርጠው ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው አንድ ነገር ነው። ቦንድ ይደበደባል፣ ከፎቅ ይዘላል፣ ከባሕር ይወጣል፤ ከረባቱ ግን አይዛነፍም።

«ካዚኖ ሮያል» በአውሮፓውያኑ 2006 ወጥቶ ዲቪዲው እጃችን ሲገባ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ይጀምራል። ቦንድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ይታገላል፤ ግድያው አስቀያሚና አድካሚ ነው። አባቴ ግማሹን እንኳ ሳያይ ተነሳ። «ይሄ ወንበዴ እንጂ ቦንድ አይደለም» ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

እንደሱ ያሰቡ ብዙ ነበሩ። ዳንኤል ክሬግ ሲመረጥ «ፀጉሩ ወርቃማ ነው፣ ለቦንድ አይሆንም» ብለው ፊልሙን ላለማየት የዛቱ አድናቂዎችም ነበሩ።

ዛሬ ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ የዚያ ውሳኔ ድፍረት ይገርመኛል። የ2002ቱ «ዳይ አናዘር ዴይ» አልከሰረም፤ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ግን የማይታይ መኪናና የበረዶ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዶ ነበር። ከዚያ በላይ ማጋነን ቀልድ ይሆናል። አዘጋጆቹ ባርባራ ብሮኮሊና ማይክል ዊልሰን ገበያው ሳይሸሻቸው ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 ወዳሳተመው የመጀመሪያው የቦንድ ልብ ወለድ ተመለሱ። ሁሉንም አልጣሉም፤ አለቃዋን «ኤም»ን ሆና የምትሠራውን ጁዲ ዴንችን አስቀሩ። አዲሱ ቦንድ ግን ይሳሳታል፣ ያፈቅራል፣ ይከዳል፣ ይደማል። ስሙን በዚያ በታወቀው አነጋገር የሚናገረው በመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነው። ፊልሙም ከቀዳሚው እጅግ የበለጠ ገቢ አስገኘ።

አምና አባቴ የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርጎ እኛ ቤት ሰነበተ። አንድ ምሽት ልጄ ከተኛች በኋላ ያንኑ ፊልም ከፈትኩለት። እያጉረመረመም ቢሆን ማየቱን ቀጠለ። ቦንድ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ገድሎ ደሙን ይታጠባል፣ መስታወቱ ውስጥ ፊቱን ትኩር ብሎ ያያል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ቀይሮ ወደ ቁማሩ ጠረጴዛ ይመለሳል። እዚያ ያሉት ምን እንደደረሰበት አያውቁም።

«አቁመው እስቲ» አለኝ አባቴ። አቆምኩት።

«ያኔ ይሄንን ዲቪዲ ስታመጡ መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ቀንሶ ነበር። እኔም ወጥቻለሁ። አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከረባቴን አስሬ ከቤት ስወጣ እናታችሁ ብቻ ነበረች የምታውቀው።»

«ለምን አልነገርከንም አባዬ?»

«አባት አይደለሁ?»

ዝም ተባባልን። ትንሽ ቆይቶ «ቀጥለው» አለኝ፤ እስከ መጨረሻው አየነው። ሊነሳ ሲል ጉልበቱን ይዞ «ያማል» አለ። ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ክንዱን ያዝኩትና ወደ መኝታው አደረስኩት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ ልጄ «አባዬ ደከመህ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ኧረ ደህና ነኝ» ማለት ትቻለሁ። «አዎ፣ ዛሬ ደክሞኛል» እላታለሁ። ውኃ ታመጣልኝና አጠገቤ ትቀመጣለች።