ሞዴሉ የሐይቅን ጭቃ ቤት አያውቀውም

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጽሑፍና ስለ ፎቶ ነው። የሕንፃ ፕላን ብዙም አይነሳም። ገንዘቡ ግን ወደዚያ ከገባ ቆይቷል፤ አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስፔስሜከር የተባለውን የኖርዌይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በ240 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። የስፔስሜከር ሶፍትዌር በአንድ ቦታ ላይ ሕንፃዎች እንዴት ቢቀመጡ ፀሐዩ፣ ነፋሱና ጫጫታው እንደሚሻል አማራጭ እየደረደረ ያሳያል።

አሠራሩ ተአምር የለውም። ቀድሞም መሃንዲሶች እንደ ኢነርጂፕላስ ባሉ ፕሮግራሞች አንድ ቤት ዓመቱን ሙሉ በየሰዓቱ ምን ያህል እንደሚሞቅና እንደሚበርድ ያሰሉ ነበር። ችግሩ ጊዜ ነው። አንዱ ስሌት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ የመስኮቱን ስፋት፣ የግድግዳውን ውፍረትና የቤቱን አቅጣጫ እየቀያየሩ 10,000 አማራጭ መሞከር ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ጥቂቱ ይሰላና ሞዴሉ ከዚያ ይማራል፤ የቀረውን በቅጽበት ይገምታል። ግምት ነው እንግዲህ! ያላየው ነገር ሲመጣበት «አላውቅም» አይልም፤ በሙሉ ልብ ቁጥር ይሰጣል።

ይህን ይዞ ሐይቅ ከተማ የሚደርስ ባለሙያ የሚያጋጥመው የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃና ቆርቆሮ ነው። ወደ አምባሰል ሲዘልቅ ደግሞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ያገኛል። ጭቃ ሙቀት የሚይዘው እንደ አፈሩና እንደ ጭዱ መጠን ነው፤ ከፋብሪካ እንደሚወጣ ዕቃ መግለጫ ወረቀት የለውም። አምባሰልም ራሱ አንድ አየር የለውም፤ ቆላውና የግሸን ደጋ በአንድ ወረዳ ናቸው።

ግን ጥፋቱን ሁሉ በሞዴሉ ላይ መጫን አያዋጣም። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አሁን የሚሠራው በምንድነው? ከላይ በወረደ ስታንዳርድ ፕላን ነው። ለቆላም ለደጋም ያው ክፍል፣ ያው መስኮት፣ ብዙ ቦታ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ድምፁ ስለማይሰማ ቆሞ ይጠብቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ መልሶ ሲገነቡ ያው ፕላን ከተደገመ፣ ገና ያልተወለዱ ልጆችም እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ።

ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ያልፋል። ስለዚህ መስኮቱ ሰሜንና ደቡብ የሚያይ ክፍል መጠነኛ የጣሪያ ክንፍ ይበቃዋል፤ ምሥራቅና ምዕራብ የሚያየውን ግን ጠዋትና ማታ ዝቅ ብሎ ከሚገባው ፀሐይ ክንፍ አያድነውም። ለዚህ ሞዴል አያስፈልግም፤ ልምድ ያለው ግንበኛ ይበቃል።

ሞዴል የሚያስፈልገው ፍላጎቶች ሲጋጩ ነው። መስኮት ሲሰፋ ብርሃኑ ይጨምራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ወፍራም ግድግዳ ለብርድ መልካም ነው፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ክብደቱ ጠላት ነው። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷታል። ሙቀትን ብቻ እንዲያሻሽል የታዘዘ ሞዴል ያንኑ ወፍራም ግድግዳ አንደኛ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለ መንቀጥቀጥ ካልተነገረው አይጠይቅም።

አፈርን በቁም ነገር የያዙ ሰዎች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ከጀመረው ሥራ በአፈር የተገነባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ወጥቷል። የጎደለው ልኬት ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ለሐይቅ ሩቅ አይደለም። ሐይቅ፣ ውጫሌና ግሸን ባሉ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ርካሽ ቴርሞሜትር ሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ ለተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። ወጪውም ከአንድ ወርክሾፕ አበል አይበልጥም።